ቀያሹ ያልለካው ቦታ

መሬት ሲለካ ያረጀ አንድ ሰው ነበረ።

አትቁነጥነጪ ወይንሸት፣ ጥያቄሽን አልረሳሁትም። በዓመቱ መጨረሻ ተማሪዎቼ በወላጆቻቸው ፊት ፒያኖ ሲጫወቱ አንቺም ትጫወቻለሽ። ሌሎቹ ሁሉ ልጆች ናቸው። ካንቺ በልጣ የምትጫወተው የገዛ ልጅሽ ደግሞ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ታይሻለች። እና «ጋሼ፣ የትኛውን ሙዚቃ ልምረጥ?» አልሽኝ። አልሽኝና መልሴን እንኳ ሳትጠብቂ ያንን ጡብ የሚያክል መጽሐፍ ከቦርሳሽ አወጣሽ። ጣትሽን ያሳረፍሽበትን ገጽ አይቼዋለሁ። ኖታው ጉንዳን የፈሰሰበት ነው የሚመስለው። እኔ ራሴ እሱን የምደፍረው በደህና ቀኔ ነው። ትንሿን ዜማ ሳሳይሽ ደግሞ «እሷማ የልጆች ናት፣ ልጄን አሳፍራታለሁ» ብለሽ ፊትሽን አዞርሽ። እሺ። እንግዲያው መጽሐፉን ዝጊውና ስሚኝ።

ሰውዬው ቀያሽ ነበር፣ ያውም ሥራውን የሚያውቅ ቀያሽ። ሁለት ጎረቤታሞች በድንበር ተጣልተው ዱላ ሊማዘዙ ሲሉ እሱ ሜትሩን ይዞ መሃላቸው ይገባል፣ ይለካል፣ ችካሉን ይተክላል፣ ጠቡ ያበቃል። ሚስት አላገባም። ለምን ብለሽ እንዳትጠይቂኝ፣ እሱ ሌላ ወሬ ነው። ከአባቱ በወረሳት ባለ አንድ ክፍል ጭቃ ቤት ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። ኩሽናው ውጭ ነው። ክፍሏ ውስጥ የሱ አልጋ፣ የእናቱ አልጋ፣ በመሃል መጋረጃ፣ ጥግ ላይ አንድ ቁም ሳጥን። በቃ ሌላ ነገር የለም።

እናቱ በወጣትነታቸው አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የእንጨት ወለል በሰም ይወለውሉ ነበር። እዚያ ፒያኖ ነበረ። አስተማሪዋ ቁጭ ብላ ስትጫወት እናትየው መወልወያቸውን ግድግዳ አስደግፈው በሩ ላይ ይቆማሉ። ተቆጣጣሪው ይመጣል፣ ይቆጣቸዋል፣ ይሄዳሉ። በማግስቱ እንደገና እዚያው ቆመው ይገኛሉ። ካረጁ በኋላም ይህን አውርተው አይጠግቡም ነበር። «ከዚያ ወዲህ እንደዚያ ያለ ድምፅ በጆሮዬ ገብቶ አያውቅም» ይላሉ። ቀያሹ ይህን ሲሰማ ነው ያደገው።

ታዲያ የእናትየው ጆሮ መድከም ጀመረ። መጀመሪያ በር ሲንኳኳ መስማት ተዉ። ቀጥሎ ሬዲዮኑን ጎረቤት እስኪጮህ ድረስ ከፍ ማድረግ መጣ። ከዚያ ግራ ጆሯቸው ጭራሹን ተዘጋ። ቀኙ ብቻ ቀረ፣ እሱም ጠጋ ብለው ሲያናግሯቸው ነው። ሐኪሙ መረመራቸውና ልጃቸውን ለብቻው ጠርቶ እቅጩን ነገረው። የቀኙም እየሄደ ነው፣ የሚመልሰው መድኃኒት የለም አለው። ሰውዬው ወጥቶ መንገድ ዳር ቆሞ አለቀሰ፣ አላፊ አግዳሚው እያየው። ከዚያ ፊቱን ጠረገና ቆረጠ። ያቺ ጆሮ ሳትዘጋ እናቱ ያንን ድምፅ ከሱ እጅ መስማት አለባቸው።

ጠጉሩ ሸብቶ ፒያኖ ሊማር ገባልሽ። ማንን መሰለሽ? ሳቂ፣ ሳቂ። ጣቶቹ ችካል መምታት የለመዱ፣ እንደ ዝንጅብል የተጣመሙ ነበሩ። አስተማሪው ዘንድ እየተመላለሰ በስንት መከራ አንዲት ዜማ ለመደ። የገጽ እኩሌታ የማትሞላ፣ ቀኝ እጅ የሚዘፍንባት፣ ግራ እጅ ቀስ እያለ የሚከተልባት ትንሽ ዜማ። ግን ፒያኖው ያለው አስተማሪው ቤት ነው፤ እናትየው ደግሞ ወገባቸውን ስለሚያማቸው ሩቅ አይሄዱም። ስለዚህ ፒያኖው ራሱ ወደሳቸው መምጣት ነበረበት።

ሰውዬው ዕድሜውን ሙሉ ያጠራቀመውን ይዞ ያገለገለ ዕቃ ወደሚሸጥ ነጋዴ ሄደ። ነጋዴው ሁለት ፒያኖ ነበረው። አንዷ ግድግዳ ተደግፋ የምትቆም ትንሽዬ ናት። ከአንድ የሕፃናት ትምህርት ቤት ነው የመጣችው፣ ጎኗ ላይ ልጆቹ በሚስማር የዶሮ ሥዕል ጭረውባታል። ሌላው ከፈረሰ ሆቴል የመጣ ነው። ያ በሦስት እግሩ የሚቆመው፣ ክዳኑ ወደ ላይ የሚከፈተው፣ ጥቁርና የሚያብረቀርቅ፣ የድግስ ጠረጴዛ የሚያህል ትልቁ ፒያኖ።

ሰውዬው መጀመሪያ የሄደው ወደ ትንሿ ነበር። እውነቴን ነው፣ እጁን ሁሉ አሳርፎባት ነበር። ያቺን የለመዳትን ዜማ መጀመሪያዋን ነካ ነካ አደረገ። ይሄኔ ነጋዴው ሳቅ አለና፣ «ኧረ ጋሼ፣ ይቺ እኮ የልጆች ናት! ለእርስዎ ለትልቅ ሰው የሚመጥነው ያኛው ነው» አለው። ሰውዬው እጁን ከዶሮዋ ላይ አነሳ። አፈረ። በዚህ ዕድሜው፣ በዚህ ሽበቱ፣ ሕፃናት የጫሩባትን ፒያኖ አሸክሞ በሰፈር መሃል ሲያልፍ ታየው። ጎረቤት ምን ይላል?

ሜትሩን መዘዘ። የትልቁን ፒያኖ ርዝመት ለካ፣ ስፋቱን ለካ፣ ቁመቱን ለካ። ቤቱ ሄዶ ክፍሉን ከጥግ እስከ ጥግ ለካ። ለጥቂት ነው እንጂ ይገባል! በሩ አያስገባውም። ግን ጭቃ ቤት ጥሩነቱ ምንድን ነው፣ ግድግዳውን አፍርሰሽ መልሰሽ ትመርጊዋለሽ። የሱ አልጋ ተፈታትቶ ይወጣል፣ እሱ ፒያኖው ሥር ፍራሽ አንጥፎ ይተኛል። ቁም ሳጥኑ ኩሽና ይገባል። የቀረው የእናትየው አልጋ ነው። የትም ቢለካው፣ ቢያዞረው፣ አልሆነም። ስለዚህ እናቱን ለጊዜው ብዙም የማትርቀው እህቱ ዘንድ ሊያደርጋቸው አሰበ። ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም፣ በድንገት ሊያስደስታቸው ነዋ! እሳቸውም አንዲት ቃል ሳይጠይቁ ጋቢያቸውን አጣጥፈው፣ «እኔ ምን ቸገረኝ ልጄ፣ አንተን ደስ ይበልህ» ብለው ሄዱ።

ጎረቤት ተሰበሰበ። ግድግዳው ፈረሰ፣ ፒያኖው በሰው ትከሻ ሆ እየተባለ ገባ፣ ጭቃ በጭድ ተቦክቶ ግድግዳው ተመለሰ። በሚቀጥለው እሑድ እነዚያው ጎረቤቶች ሊመርቁለት መጡ። መኪና ሲገዛ፣ ቤት ሲሠራ እንደሚደረገው ማለት ነው። ክፍሉ ውስጥ መቆሚያ ስለሌለ ግማሹ በበሩ፣ ግማሹ በመስኮቱ አንገቱን አስግጎ ቆመ። «በል እስቲ ንካልንና እንመርቀው!» አሉት።

ሰውዬው ወንበሩን አንስቶ ሄደ። በፒያኖው ቁልፎችና በግድግዳው መሃል ሊያስቀምጠው ሲል ወንበሩ አልገባም። በርጩማ አመጡለት፣ እሱም አልገባም። «አዙረነው እንይ» አሉ፣ ከዞረ ደግሞ በሩ አይከፈትም። ሰውዬው ያኔ ገባው። ፒያኖውን ለክቷል፣ ክፍሉን ለክቷል፣ የሚጫወተውን ሰው አልለካም። ዕድሜ ልኩን የሌላውን ድንበር ሲያስከብር ኖሮ ለገዛ መቀመጫው ስንዝር አላስቀረም።

ምን ያድርግ? ሰው ቆሞ እየጠበቀው ነው። ሆዱን ወደ ውስጥ ስቦ በጎኑ ሾለከና ገባ። ግራ እጁ ከግድግዳው ጋር ተጣበቀ። በቀኝ እጁ ብቻ ከዚያች ዜማ ትንሽ ትንሽ ለቀም ለቀም አደረገ። ሰዎቹ «አሜን! በደስታ ተጫወትበት! ለልጅ ልጅ ይሁን!» ብለው መረቁት። ጨዋ ሰዎች ናቸው፣ አልሳቁም፣ ማለቴ ከግቢው እስኪወጡ ድረስ።

እዚህ ላይ ይተወዋል ብለሽ ነው? ወይ አለማወቅሽ! የወንበር እግር ቆረጠ። ጀርባው የሚያርፍበትን ቦታ ሊያገኝ ግድግዳውን በውስጥ በኩል በማንኪያ ፈለፈለ። ከሥራ ሲመጣ በጎኑ እየሾለከ ገብቶ፣ አንገቱን እንደ ግመል አዙሮ ይለማመዳል። ጀርባው ታመመ። በመጨረሻ ያቺ የሚያውቃት ዜማ ራሷ ከእጁ ጠፋች። ሌላ ልማር ቢል አልሆነለትም። በየሳምንቱ እህቱ ዘንድ ሲሄድ ደግሞ እናቱ የሚሰሙት እያነሰ፣ እሱ የሚጮኸው እየጨመረ ይሄዳል። ይህ ነበር የሚያስፈራው። ጆሮዋ እየተዘጋች ነው፣ እሱ ገና መቀመጫ እየፈለፈለ ነው።

አንድ ቀን እህቱ ቤት ሻይ ይዞ እንደተቀመጠ እናትየው፣ «ፒያኖ ገዛህ አሉ?» አሉት። ወሬው ደርሷቸዋል ለካ። ከዚህ በኋላ ምን ይደብቃል? ተጠጋና በቀኝ ጆሯቸው፣ «አዎ እማዬ! ላንቺ ነው የገዛሁት! ያንን ትወጂው የነበረውን ድምፅ ላሰማሽ ብዬ ነው!» አላቸው።

እናትየው ፊታቸው በራ። እጁን ያዙት፣ መረቁት፣ ሳሙት። ከዚያ ትንሽ አሰቡና፣ «ታዲያ እኔ የት ሆኜ ነው የምሰማው?» አሉት።

አልተቆጡም። ግራ ገብቷቸው ነው የጠየቁት፣ ልክ የት እንደሚቀመጡ እንደሚጠይቅ እንግዳ። ሰውዬው ሻዩን አስቀመጠ። በዚያ ሁሉ ልኬት ውስጥ እሳቸውም የሉም ነበር። ተነሣ፣ ጉልበታቸውን ሳመ፣ ወጣ።

በቀጥታ ጎረቤቶቹ ዘንድ ሄዶ፣ «ግድግዳውን እንደገና አፍርሱልኝ» አላቸው። የመረጉት ጭቃ እንኳ በወጉ አልደረቀም። «ያኔ አስገባን፣ ዛሬ አስወጣን፣ ነገ ደግሞ ቤቱን ተሸክማችሁ አዙሩልኝ እንዳትለን!» ብለው ቀለዱበት። ግን መጡ። ትልቁን ፒያኖ ይዞ ነጋዴው ዘንድ ሲደርስ ትንሿን ከጆንያ ጀርባ አቧራ ለብሳ አገኛት። ልቡ ተመለሰለት፣ ተሸጣለች ብሎ መንገዱን ሁሉ ሲጨነቅ ነበር። «በዚያኛው ለውጥልኝ» አለው። ነጋዴው፣ «ጋሼ፣ ይቺ እኮ የልጆች…» ብሎ ሲጀምር፣ «አውቃለሁ! አንሣልኝ» አለው። ዶሮዋን ወደ ውጭ አድርጎ በሰፈሩ መሃል ይዟት አለፈ። ሰው አየ፣ ሳቀ፣ ረሳው።

ትንሿ ፒያኖ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። የእናትየው አልጋ ተመለሰ። እሳቸውም ተመለሱ። አሁን ሰውዬው ምንም አልለካም። አልጋው ፒያኖዋን ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው፣ ስለዚህ ወንበር አላስፈለገውም፣ እናቱ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። እሳቸው በቀኝ ጆሯቸው በኩል ወደ ፒያኖዋ እንጨት ተጠግተው ጋደም አሉ። ሁለቱም እጆቹ ነጻ ናቸው። ያቺን የገጽ እኩሌታ የማትሞላ ዜማ ጀመረ። መሃል ላይ ተሳሳተ። ቆም አለ፣ ተነፈሰ፣ ፈልጎ አገኛት፣ ጨረሳት።

ሰውዬው ዘወር ብሎ እናቱን ለማየት ፈራ። አልሰሙ ይሆን? ዘግይቶ ይሆን? ዓይኑን ቁልፎቹ ላይ እንደተከለ ሳለ አንድ መዳፍ በጎኑ በኩል መጥቶ እንጨቱ ላይ፣ ልክ ዶሮዋ ላይ ሲያርፍ አየ።

«ድገማት» አሉ እናቱ።

ደገማት። «ድገማት» አሉት አሁንም። ያን ቀን ስንት ጊዜ እንደደገማት እኔም አላውቅም፣ እሱም አልቆጠረም። እያለቀሰ ነው የተጫወተው ይላሉ፣ ብቻ ሁለተኛ አልተሳሳተም። ክረምቱ ሲወጣ ያቺም ጆሮ ተዘጋች። እስከዚያ ድረስ ግን ከሥራ በመጣ ቁጥር ተጫውቶላቸዋል። ከተዘጋችም በኋላ እናትየው መዳፋቸውን እንጨቱ ላይ ያደርጋሉ። ዜማዋ በእጃቸው ስትሄድ፣ ስትሄድ፣ ስትቆም ያውቋታል። ስትቆም «ድገማት» ይላሉ።

እንግዲህ ወይንሸት፣ ያ ቀያሽ አንቺ ነሽ። አታኩርፊ፣ ስለምወድሽ ነው የምነግርሽ። ያንን ትልቅ ሙዚቃ ስንት ገጽ እንደሆነ ታውቂያለሽ። ምን ያህል ከባድ እንደሆነ፣ ማን ማን እንደተጫወተው፣ ሲሰሙሽ ሰዎች ምን እንደሚሉ ሁሉንም ለክተሻል። ራስሽን ግን አልለካሽም። ቀኑን ሙሉ ፋርማሲ ቆመሽ ውለሽ፣ ቤት ገብተሽ፣ ራት አቅርበሽ፣ ሁሉም ጋብ ሲል የምትተርፍሽ ያቺ ጥቂት ጊዜ ናት ክፍልሽ። እጅሽም የራሱ ልክ አለው፣ ያን ያህል አይዘረጋም፣ ነውር አይደለም። ያንን የድግስ ጠረጴዛ እዚያ ውስጥ ብታስገቢ ይገባ ይሆናል። አንቺ ግን በጎንሽ ሾልከሽ፣ ግራ እጅሽ ተጣብቆ ነው የምትጫወቺው። የምታውቂያትንም ትረሻለሽ።

ደግሞ መጀመሪያ ያስወጣሽው የማንን አልጋ እንደሆነ ልንገርሽ? ባለፈው ሳምንት ራስሽ ነሽ ያጫወትሽኝ። ከባዱን ስለማመድ ስሕተቴን እንዳትሰማ ብዬ ልጄን ከክፍሉ አስወጣታለሁ አልሽኝ። ለሷ ብለሽ እየተማርሽ እሷን በር ትዘጊባታለሽ! እኔ ያን ቀን ዝም ያልኩት ንግግሩን አጥቼ እንጂ ጉዳዩ ቀሎኝ አይደለም።

«የልጆች ናት» አልሽኝ። ትሁና! ልጆቹ ይችን ዜማ የሚጫወቷት እኔ ስላዘዝኳቸው ነው፣ ጨርሰው ወደ ኳስ ሊሮጡ። አንቺ ልጅ ወልደሻል፣ እናትሽን ቀብረሻል፣ አንገት ደፍተሽ ያሳለፍሽው ስንት ነገር አለ። ያንን ሁሉ ይዘሽ ቁጭ ብለሽ ስትጫወቻት ያቺው ዜማ ሌላ ናት። ስትመርጪ መጀመሪያ ቁጭ በይበት። ሁለት እጅሽ ነጻ ከሆነ፣ ትንፋሽሽ ካልጠፋ፣ ስትሳሳቺ መመለሻውን ካገኘሽ፣ አጠገብሽም ሰው የሚቀመጥበት ከተረፈ፣ እሱ ያንቺ ነው። ትልቁን መጽሐፍ ጣይው አላልኩሽም። ቤትሽ የሰፋ ዕለት ግድግዳውን እናፈርሳለን፣ እኔም ከነሪህ ሕመሜ በአንድ በኩል እሸከምልሻለሁ።

በይ አሁን ልጅሽ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጣ እየጠበቀችሽ ነው። ጥሪያት። ግቢ የኔ ልጅ፣ ግቢ። አይ፣ እዚያ ማዶ አይደለም፣ እናትሽ አጠገብ፣ እዚሁ ወንበሩ ጫፍ ላይ። አንቺ ደግሞ ወይንሸት፣ ትንሿን ዜማ ክፈቺ። አትቸኩይ። ቢሳሳትብሽም አትደንግጪ፣ ቆም ብለሽ ፈልጊያት…

እሰይ። እሰይ! ምን አልሽ አንቺ ልጅ? ጮክ ብለሽ ንገሪያት እንጂ፣ ለኔ ምን ታንሾካሹኪያለሽ። ሰማሻት ወይንሸት? ይቺ ልጅ እኮ ውጭ ነበረች፣ የቀያሹን ነገር አልሰማችም። «እማዬ፣ ድገሚያት» ነው ያለችሽ።